ምንሽሩ ፈቃድ አለው፤ ድምፃችንስ?

ከመካነ ሰላም ከተማ ወጥታችሁ ወደ ዓባይ ተፋሰስ በሚወርዱት ሸለቆዎች አቅጣጫ ብትጓዙ፣ መሬቱ ድንገት ያልቅባችኋል። አገሬው አፋፍ ይለዋል። ከተማው ያለው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከአፋፉ ቁልቁል ሲወረድ ደጋው ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋው ቆላ እየሆነ ይሄዳል። ላይ ገብስ፣ ታች ማሽላ። ላይ ጋቢ ተደርቦ የማይለቅ ብርድ፣ ታች ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት። ማዶ ያለው ጎረቤት ጎጆው፣ ከብቱ፣ ከጣሪያው የሚወጣው ጢስ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልድረስ ካላችሁ ግን ወርዶ መውጣቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

እና ሰዉ ምን ያደርጋል? ይጣራል።

አጠራሩ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ዝም ብሎ መጮህ አይደለም። መጀመሪያ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይታያል። ከዚያ ሁለት እጅ አፍ ላይ ይከበባል። ስም ይጠራል፤ የስሙ መጨረሻ እንደ ገመድ ይለጠጣል። ከዚያ ዝምታ። ማዶ ያለው “አቤ...ት!” ሲል መልእክቱ ይላካል፤ አጭር ነው፣ ሁለቴ ይደገማል። “ላሚቱ... ወለደች! ላሚቱ... ወለደች!” ያኛው መስማቱን ደግሞ በተራው ያሳውቃል። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሁለቱም እኩል ከጮሁ ማንም ማንንም አይሰማም። ወታደር የነበሩ ወዳጆቼ እንደነገሩኝ የጦር ሜዳ ሬዲዮ አነጋገር ሥርዓቱም ይኸው ነው፤ ጥራ፣ ጠብቅ፣ ተናገር፣ ከዚያ ዝም ብለህ አድምጥ። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ ሥነ ቃል ብዙ ለፍልፌያለሁ። ይህን የአፋፍ ጥሪ ግን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አላነሳሁትም። አሁን አሁን ይቆጨኛል።

የዛሬው ወጌ ግን ስለ ሥነ ቃል አይደለም። ስለ ሕግ ነው። በእጅ ስለሚያዝ፣ ዎኪቶኪ ስለምንለው የመገናኛ ሬዲዮ ሕግ። “አንተ ደግሞ! በዚህ ሁሉ ጉድ መካከል ዎኪቶኪ ምን ትዝ አለህ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

አጎቴ የሚኖረው እንዲህ ያለ አፋፍ ላይ ነው። ማሽላው ግን ታች ቆላ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ልጁ ብቻውን ወርዶ ማሽላ ሲኮተኩት እባብ ነደፈው። ዝናብ ይወርዳል። ነፋሱ ከአፋፉ ወደ ታች ይነፍሳል፤ የታችኛውን ጩኸት ወደ ላይ አያደርስም። ልጁ ሞባይል ነበረው፤ ሸለቆው ውስጥ ግን ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ደጋግሞ ጮኸ። አልተሰማም። እግሩን በነጠላው አስሮ ዳሱ ውስጥ አደረ። አጎቴ ደግሞ ላይ ሆኖ “ዝናቡን አይቶ ዳስ ውስጥ ተጠልሎ ነው” ብሎ ተኛ። ጠዋት እረኞች አገኙትና በቃሬዛ ወጣ። ተርፏል፤ ተመስገን። ቀኝ እግሩ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፍለትም።

ይህን የሰማች አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ በዓመቱ ለዘመድ ጥየቃ ስትመጣ ሁለት ትንንሽ ዎኪቶኪ ገዝታ ይዛ መጣች። ልጆች በሽርሽር ቦታ የሚጫወቱባት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ በእጅ ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ዕቃ ናት። አንዱን ለአባት፣ አንዱን ለልጅ። ሐሳቧ ይኸው ነበር። መግቢያው ላይ ፈታሹ ሻንጣዋን ከፈተና አነሳት።

“ይኼ ምንድነው?”

“ዎኪቶኪ ነው።”

“ፈቃድ አለሽ?”

“እዚያ ፈቃድ አይጠየቅበትም’ኮ።”

“እዚህ ነው’ኮ ያለሽው።”

ደረሰኝ ተሰጣት። “ፈቃድ ስታመጡ ትወስዳላችሁ” ተባለች። እሷ ተመልሳ ሄደች፤ ደረሰኙ አጎቴ እጅ ቀረ። አጎቴ ደግሞ ደረሰኝ የያዘበትን ነገር የሚተው ሰው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ አረፈ። አብረን አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ያነጋገረን ወጣት ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ተነስቶ ወንበር ለቀቀለት።

“አባቴ፣ ይሄ ፈቃድ የሚሰጠው ለድርጅት ነው።”

“ድርጅት ማለት?”

“ሆቴል... የጥበቃ ድርጅት... ኮንስትራክሽን... ፕሮጀክት ያላቸው...”

“እኔ ገበሬ ነኝ።”

“ታዲያ ከማን ጋር ሊነጋገሩበት ነው?”

“ከልጄ ጋራ።”

ልጁ ፈገግ አለ። ቅጹን አገላበጠ። “ማኅተም አለዎት?” አለው መጨረሻ ላይ፤ ግራ ቢገባው ነው መሰለኝ። አጎቴ የቀኝ አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳየው።

ከዚያ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ የተናገራት ነገር ናት ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ። “እኔ’ምልህ፣” አለኝ፣ “የምንሽሬን ፈቃድ እዚያው አገሬ ነው ያወጣሁት። ስሜንና የጠመንጃውን ቁጥር ጻፉ፣ አለቀ። ያኔ ማንም ‘በማን ላይ ልትተኩስ ነው?’ ብሎ አልጠየቀኝም። አሁን ግን ከማን ጋር ልትነጋገር ነው ይሉኛል!”

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ አዋጆቹን ፈልጌ አነበብኩ።

የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ይባላል። አንቀጽ ሦስት ፈቃድ ሳይኖረው የቴሌኮም መሣሪያ የሠራን፣ የገጣጠመን፣ ከውጭ ያስገባን ወይም ለሽያጭ ያቀረበን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ብር መቀጮ ይጥልበታል። ፈቃድ ሳይኖረው የተጠቀመበትና ይዞት የተገኘ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ደምሩት። የአክስቴ ልጅ ሁለት ዎኪቶኪ “ከውጭ አስገቢ” ናት። አጎቴና ልጁ ዕቃው እጃቸው ቢደርስ ኖሮ “ተጠቃሚዎች” ነበሩ። እባብ የነደፈው ልጅ “አባባ፣ ድረስልኝ” ለማለት የአንድ ዓመት እስራት መነሻ ዋጋ ነው።

“ኧረ ዳኛም ልብ አለው፣ ማንም በዚህ አያስርም” ትሉኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ግን ሕግ ሲጻፍ በዳኛ ደግነት ተማምኖ መጻፍ አለበት እንዴ? ደግሞስ ፈታሹም፣ ፖሊሱም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም እኩል ደግ ናቸው?

አዋጁ የወጣበት ምክንያት እንዳለው አልክድም። ያኔ ዓለም አቀፍ ጥሪን በስውር መሣሪያ እያስገቡ የአገሪቱን የቴሌኮም ገቢ የሚቦጠቡጡ ነበሩ። ለነሱ የተጣለ መረብ ነው። ችግሩ መረቡ ዓይኑ በጣም መጥበቡ ነው፤ አዞ ለመያዝ ተጥሎ ቀረጢቱንም፣ እንቁራሪቱንም፣ ውኃ ልትቀዳ የወረደችውን ልጅ እንስራም አብሮ ይጎትታል።

የሚገርመው ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ መፍትሔው መቀመጡ ነው። የአንቀጹ ሦስተኛ ንዑስ ክፍል ለአጠቃቀም ፈቃድ የማያስፈልጋቸውን የመሣሪያ ዓይነቶች እየለየ የሚወስነውና የቴክኒክ ደረጃቸውን የሚያወጣው ሚኒስቴሩ እንደሆነ ይናገራል። ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን ተሰጠው። ባለሥልጣኑ ትልቁን በር ከፍቷል፤ ሳፋሪኮም ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ጀመረ። መልካም ነው፣ እሰየው። የትንሿ መስኮት ነገር ግን አጎቴ ዘንድ አልደረሰም። አንድ የደጋ ገበሬ “የትኛው ሬዲዮ ይፈቀዳል፣ የትኛው ይከለከላል?” ብሎ ቢጠይቅ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚያነበው አንዲት ገጽ የለም። ባለማወቅ ማሳበብ ከቅጣት አያድንም የሚል ሕግ ይዘን፣ የሚታወቀውን ነገር ለሰው አለማሳወቅ ደግ አይደለም። የድሮው አዋጅ ነጋሪ እንኳ ነጋሪት ጎስሞ “የሰማህ ላልሰማ አሰማ” ይል ነበር።

ጠመንጃውን እንየው ደግሞ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግለሰብ የጦር መሣሪያ ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድ አስቀምጧል። ማን ይፈቀድለታል፣ ማን ይከለከላል፣ እንዴት ይመዘገባል፣ ሁሉም አለ። መንግሥት እዚያ ላይ አገሩን አውቆ ነው የጻፈው፤ ገበሬው ጠመንጃውን “ተከልክሏል” ስለተባለ ብቻ እንደማይጥል ገብቶታል። ስለዚህ ከልክሎ ከሚደበቅበት መዝግቦ ቢያውቀው መረጠ። ትክክል ነው። ይህ ብልህነት ታዲያ ለሬዲዮ ሲሆን የት ገባ? ሰው ሊገድል ለሚችል ብረት መዝገብ ከፍተን፣ ድምፅ ለሚያሻግር ፕላስቲክ የእስር ቤት በር ብቻ ማሳየት ምን የሚሉት ሚዛን ነው?

ስለ ዕቃው ራሱ ትንሽ ላውራ፤ ክርክራችን በጭፍን እንዳይሆን።

ሞባይል ስልክም ሬዲዮ ነው። ነገር ግን ሁለት ሞባይሎች እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ ሁለቱም ከማማው ጋር ነው የሚነጋገሩት። ማማው መብራት ሲያጣ፣ ባትሪው ሲያልቅ፣ ወይም ተራራ ሲጋርደው፣ አሥር እርምጃ ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሰዎች እንኳ በሞባይል መገናኘት አይችሉም። ዎኪቶኪ ማማ አይፈልግም። ከአንዱ እጅ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ሌላው እጅ ነው። ሞገዱ እንደ ዓይን ነው፤ የሚታየው ቦታ ይደርሳል፣ ያልታየው ቦታ ይቸገራል። ስለዚህ ግማሽ ዋት ጉልበት ያላት ትንሽ ሬዲዮ በከተማ ሕንፃ መካከል አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። ከአፋፍ ወደ አፋፍ፣ በመካከል አየር ብቻ ሲኖር ግን አሥርና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ልትሻገር ትችላለች። እንግዲህ የቦረናን፣ የሳይንትን፣ የለጋምቦን መሬት አስቡት። ጠላት ሆኖብን የኖረው ገደል ለዚች ዕቃ ወዳጅ ነው። ማማ ለማቆም እጅግ የሚያስቸግር አገር፣ ለዎኪቶኪ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ሌላውስ ዓለም ምን አደረገ? አሜሪካኖች በ1958 እ.ኤ.አ. በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ተራው ዜጋ የሚነጋገርበት መስመር ከፈቱ። ፈቃድ ይጠየቅበት ነበር። በ1970ዎቹ የከባድ መኪና ሾፌሮች እየገዙ በየመንገዱ ሲያወሩበት የፈቃዱን ሥርዓት የሚከተለው ጠፋ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. መንግሥት ራሱ ፈቃዱን አነሳው። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ ለቤተሰብ የሚሆን፣ ጉልበቱ የተወሰነ፣ አንቴናው የማይነቀል፣ ምንም ፈቃድ የማይጠይቅ መስመር ሰጡ። የአክስቴ ልጅ ያመጣችው ይኸንን ነው። በዚያው ሰፈር ጠንከር ያለ ሬዲዮ የፈለገ ሰው ፈተና ሳይቀመጥ 35 ዶላር ከፍሎ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ያወጣል፤ አንዱ ፈቃድ ለቤተሰቡ በሙሉ ይሠራል። አውሮፓውያን በበኩላቸው በ446 ሜጋኸርዝ ግማሽ ዋት የሆነችውን ያለ ፈቃድ ለቀዋታል። እነዚህ መንግሥታት ስለ ጸጥታቸው የማይጨነቁ ሞኞች ናቸው? አይደሉም። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። አሥራ አምስቱንም ዓይነት ዕቃ በአንድ ስም ከመጥራት ይልቅ ለያይተው አዩት።

አሁን ሚዛኔ እንዳያጋድል የሌላውንም ወገን ልናገር። “ሁሉም ይለቀቅ” የሚል ሰው ካለ ከሱ ጋርም አልስማማም። ከሜሪላንድ የመጣ ሬዲዮ በ462፣ ከፍራንክፈርት የመጣው በ446 ሜጋኸርዝ ነው የሚናገረው፤ ሁለቱ እርስ በርስ አይሰማሙም። ይባስ ብሎ አንድ አገር ለሕፃናት ጨዋታ የተወው ሞገድ ሌላ አገር ለሌላ ሥራ የተመደበ ሊሆን ይችላል። ደግሞ በየገበያው በርካሽ የሚገኙት፣ እንደ ባኦፌንግ ያሉት የቻይና ሬዲዮዎች አሉ። አራትና አምስት ዋት ናቸው፤ ቁጥራቸውን እየነካካ ማንም ሰው ከ136 እስከ 174፣ ከ400 እስከ 520 ሜጋኸርዝ ድረስ ወደፈለገው ቦታ ይወስዳቸዋል። አንድ ጎረምሳ እየነካካ አምቡላንስ ወይም ፖሊስ ከሚነጋገርበት መስመር ላይ ቢወጣ፣ ቁልፉን በተጫነባት ደቂቃ ሌላ ሰው ላይሰማ ይችላል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው ብያችሁ የለ? ያ የአፋፉ ሕግ እዚህም ይሠራል። ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል። እኔ የምከራከረው ሕጉ ሁለቱን ዕቃዎች እንዲለይ ነው። መስመሯ ተቆልፎ የተሠራች የግማሽ ዋት ዕቃና ወደፈለጉት የሚዞር የአምስት ዋት ዕቃ በአንድ ቃል “የቴሌኮም መሣሪያ” መባል የለባቸውም። ቢላዋና መትረየስ ሁለቱም ብረት ናቸው፤ ለሽንኩርት መክተፊያ ግን ማንም ፈቃድ አያወጣም።

የቀረው ትልቁ መከራከሪያ ጸጥታ ነው። “የታጠቀ ይጠቀምበታል” ይባላል። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ በተለይ የእኛን አገር የሰሞኑን ዓመታት ያየ ሰው አይንቀውም። ግን እንጠይቅ። ታጣቂ ፈቃድ ጠብቆ ያውቃል? ዎኪቶኪ የፈለገ ታጣቂ ደጅ ጠንቶ ቅጽ የሚሞላ ይመስላችኋል? ክልከላው የሚይዘው ሕግ የሚያከብረውን ብቻ ነው፤ ደረሰኝ ይዞ ሁለት ቀን ተጉዞ የሚመጣውን ሽማግሌ። ሌላም አለ። በታወቀ መስመር ላይ የምትናገር ተራ ዎኪቶኪ ምስጢር አትይዝም። ተመሳሳይ ዕቃ የያዘ ሁሉ ይሰማታል፤ መንግሥትም ይሰማታል። ሴራ የሚሸርብ ሰው አደባባይ ወጥቶ እየጮኸ አይሸርብም።

በአንጻሩ ዝምታው ምን እንዳስከፈለን አይተናል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ሲያዳርስ ስልክ በጠፋባቸው ቦታዎች ሰው የዘመዱን መኖርና መሞት የሰማው ከእግረኛ ነበር። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል አብዛኛው ክፍል ለአንድ ዓመት ገደማ ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ቆይቷል። በአንድ ቁልፍ የሚበራና የሚጠፋ መገናኛ ብቻ ያለው ሕዝብ፣ ቁልፉ ሲጠፋ ወደ አፋፉ ነው የሚመለሰው።

ይህን ስል በጥንቃቄ ነው። ተኩስ ባለበት ሰፈር ዛሬ ሬዲዮ በእጁ ይዞ የሚታይ ሰው ከሁለቱም ወገን ክፉ ጥርጣሬ ሊያገኘው ይችላል። “ሂዱና ግዙ” የምል ሰው አይደለሁም፤ በማንም ልጅ ሕይወት አልፎክርም። ግን ጥርጣሬው የሚበረታው ራሱ ዕቃው ሕጋዊ መልክ ስለሌለው አይደለም? ሐኪም ነጭ ጋወን ሲለብስ ሁሉም ያውቀዋል። የታወቀ መልክ፣ የታወቀ መስመር፣ ወረዳው ማኅተም ያሳረፈበት ካርድ ያለው ሬዲዮ ከተለመደ፣ የያዘው ሰው እረኛ ወይም አዋላጅ መሆኑን ለመገመት ቀላል ይሆናል። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም። ስለዚህ ነው ሰላም እስኪሟላ ሳይጠበቅ ደንቡ ዛሬ ይጻፍ የምለው።

ለማን ይጠቅማል? ምጥ የያዛትን እናት አስቡ። ከሸለቆው በቃሬዛ ትወጣለች፤ አምቡላንሱ የሚጠብቃት መኪና እስከሚደርስበት መንገድ ድረስ ብቻ ነው። ተሸካሚዎቹ አምቡላንሱ መድረሱን አያውቁም፤ ሾፌሩ ቃሬዛው የት እንደደረሰ አያውቅም። አፋፉ ላይ የቆመች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሬዲዮ ቢኖራት ሁለቱንም ታገናኛለች። የቦረና ሳይንት ወረሂመኑን ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂዎች አስቡ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በሚጠበቅበት በዚያ ጉም በማይለየው ተራራ ላይ እሳት ሲነሳ ማዶ ላለው ባልደረባ በምን ይነገራል? ጎርፍ ሲወርድ የላይኛው መንደር ለታችኛው ምን ይበለው? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ይጩህ።

እንግዲህ የምጠይቀው ሦስት ደረጃ ያለው መሰላል ነው። አንደኛ፣ ከግማሽ ዋት የማትበልጥ፣ አንቴናዋ የማይነቀል፣ መስመሯ የተቆለፈ ሬዲዮ ያለ ምንም ፈቃድ ትለቀቅ፤ ምን ዓይነት እንደሆነችም በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ተጽፎ በየቀበሌውና በየመግቢያ በሩ ይለጠፍ። ፈታሹም ተጓዡም አንድ ወረቀት ያንብቡ። ሁለተኛ፣ እስከ አምስት ዋት የሚደርሰው፣ ለእድር፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ለጤና ኬላ፣ ሰፋ ያለ መሬት ለሚያርስ ቤተሰብ፣ በመታወቂያና በአነስተኛ ክፍያ እዚያው ወረዳው ላይ ይመዝገብ። ልክ እንደ ምንሽሩ። ሦስተኛ፣ ራቅ ብሎ ከዓለም ጋር መነጋገር ለሚሻ ተማሪና የሬዲዮ ወዳጅ በፈተና የሚገኘው የአማተር ፈቃድ መንገዱ ይጠረግለት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. በሚል የጥሪ ስሙ፣ ባሕር ማዶ ካሉ የሙያ ወዳጆች ጋር ሲነጋገር ኖሯል። አምስት ኪሎ የተቻለ ነገር መካነ ሰላም ላይ የማይቻልበት ምክንያት ምንድነው? እዚያም’ኮ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ።

ከባዱ ቅጣት የሚገባው በሰው መስመር ላይ ሆን ብሎ ለሚገባ፣ አምቡላንስና አውሮፕላን ለሚያውክ፣ ስውር የጥሪ ንግድ ለሚያካሂድ ነው። እሱ ላይ አይላላ። ከልጁ ጋር ሊነጋገር የፈለገን ሰው ግን ከነሱ ጋር በአንድ ገመድ አትሰሩብን።

ባለፈው ዓመት አጎቴን በስልክ አገኘሁት። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ ጉብታ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው፤ ነፋሱ ይሰማኛል። ጤናውን ጠየቅኩት። “ደህና ነኝ” አለኝ። ድምፁ ተለይቶብኛል፤ ሻክሯል፣ ቀጥኗል። “ጉንፋን ነው?” አልኩት።

“አይ ልጄ፣ እርጅና ነው። ጉልበቴ አለ፤ ድምፄ ቀድሞኝ ሄደ። አሁን ስጣራ ማዶ አይሰማም። ልጁም በዚያ እግሩ ፈጥኖ አይወጣም።” ዝም አለ። ከዚያ “ደረሰኙ አለ’ኮ፣” አለኝ፣ “ከምንሽሩ ፈቃድ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልዬ ነው ያኖርኩት። ያንን ነገር አልፈቀዱም እንዴ እስካሁን?”

“ገና ነው” አልኩት።